አባቴ ያዋሱት ስም

ደብረ ታቦር ያሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች እኔን ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁራል። ያቺ ነገረኛ መጣች ይባባላሉ። ይበሉ! መታወቂያዬን ኮፒ ሳስደርግ ቀለም ተዝረክርኮባት የተበላሸችውን ቅጂ ሳይቀር ቆጥሬ እወስዳለሁ። ኮምፒውተር ላይ ካስገቡት ደግሞ አጠገባቸው ቆሜ አስጠፋለሁ፤ ዓይኔ እያየ ካልጠፋ ከቤቱ ንቅንቅ አልልም። «እህቴ፣ ማን ምን ያደርገዋል ብለሽ ነው?» ይለኛል አንደኛው ባለቤት፣ ጢሙ የሸበተ ትልቅ ሰው። ማን ምን ያደርገዋል! ይህን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል።

አንድ ቀን መናኸሪያው በር ላይ ቆሎ ገዛሁ። ሴትዮዋ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። እየቆረጠምኩ ወረቀቱን ዘርጋ ሳደርገው የሰው መታወቂያ ነው። ስሙ እስከ አያቱ፣ የእናቱ ስም፣ የትውልድ ዘመኑ፣ ቀበሌው፣ ስልኩ፣ ፎቶው፣ ሁሉም አለ፤ ጨው ብቻ ነው የተጨመረበት። ኮፒ ቤቱ የተበላሸውን ወረቀት ለቆሎ ሻጮች ይሰጣል ለካ። ሄጄ ያልሆንኩት የለም። ሰው ተሰበሰበ። «ለቆሎ መጠቅለያ ይህን ያህል?» አሉ። አዎ፣ ይህን ያህል! የሰው ስም ሲወሰድ ምን እንደሚያደርግ ስለማታውቁ ነው። እኔ አውቃለሁ። የእኔን ደግሞ ሌባ ሰብሮ ገብቶ አልወሰደውም። ከሳጥን አውጥተው የሰጡት አባቴ ናቸው።

እኛ የጉና ሰዎች ነን። ከጋሳይ መኪና ወርዶ ግማሽ ቀን በእግር ሽቅብ ነው ቤታችን፤ ገብስ፣ ድንችና በግ ነው ያለን። እናቴ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ሞታ ነበር። አባቴ ፊደል አልቆጠሩም፣ ግን እኔን ከትምህርት ቤት አላስቀሩኝም፤ ይህን አልክድም። ያኔ ማትሪክ አስረኛ ክፍል ላይ ነበር። እኔና የአጎቴ ልጅ ደብረ ታቦር አንድ ክፍል ተከራይተን፣ በየሳምንቱ ስንቃችንን በጀርባችን እያመጣን ተማርን። እኩያሞች ነን። መልካችንም አንድ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ስንሳለም ሰው እኔን በእሷ ስም፣ እሷን በእኔ ስም ይጠራን ነበር። ፈተናው ሲመጣ ግን እኔ አለፍኩ፣ እሷ ወደቀች። አብሬያት አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው።

በዚያው ክረምት በረዶ ወርዶ ገብሱንም ድንቹንም ደብድቦ ጨረሰው። ቤቱ ባዶ ሆነ። ሁለት ዓመት ዓረብ አገር ሠርቼ እመለስና እማራለሁ ብዬ ተነሣሁ። ሰርተፍኬቴን በፌስታል ጠቅልዬ በእናቴ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩና «አባባ፣ ይቺን ወረቀት አደራ» አልኳቸው። «አይዞሽ፣ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቃት» አሉኝ። ግንባሬን ስመው ሸኙኝ።

ሁለቱ ዓመት ስድስት ሆነ። ማዳም ቤት በገባሁ ዕለት ፓስፖርቴን ተቀብላ ካዝና ውስጥ ቆለፈችበት። የምሠራው እናቷን ማስታመም ነበር፤ ግማሽ አካላቸው የማይንቀሳቀስ አሮጊት ናቸው። ስኳራቸውን መለካት፣ መርፌ መውጋት፣ ጀርባቸው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ሁሉን እዚያው ለመድኩት። የሚመጣው ሐኪም እጄን እያየ የት ተማርሽ ይለኝ ነበር። አገሬ ገብቼ ነርስ እሆናለሁ ያልኩት ያኔ ነው። አሮጊቷ ሲያርፉ ልሂድ አልኩ፤ ማዳም ፓስፖርቱን አልሰጥም አለች። ሦስት ወር ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ በር ላይ ቆሜ ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩባት፣ ወርውራ ሰጠችኝ። እዚያ ለስሜ ስጮህ እዚህ ስሜ ሥራ ይዞ ነበር፤ ወይ ነዶ!

ስመለስ ሰርተፍኬቴ ከነበረበት አልተነቃነቀም። እንዲያውም ላስቲክ ለብሶ ነው የጠበቀኝ፣ ልስልስ ብሎ፣ ጥግ ጥጉ ተከርክሞ። አባቴ ከተማ ወርደው ያስለበሱት መስሎኝ ልቤ ተነካ። እጃቸውን ሳምኩ። እሳቸውም ዝም ብለው አስሳሙኝ።

ያንን ይዤ ኮሌጅ ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ነርስ የሚያስተምር ነው፣ ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። የሬጅስትራሯ ሴት ወረቀቴን አገላብጣ አየች፣ ኮምፒውተሯን ነካካች፣ ከዚያ ፈገግ አለች።

«እህቴ፣ አንቺ እኮ ከእኛ ተመርቀሻል። ወደ ዲግሪ ለማሳደግ ነው?»

«ማን? እኔ?»

«በነርስ ዲፕሎማ። ይኸው።»

ኮምፒውተሩን አዞረችልኝ። ስሜ። የአባቴ ስም። የአያቴ ስም። የፈተና ቁጥሬ። ፎቶው ላይ ግን የአጎቴ ልጅ ነጭ ጋውን ለብሳ ትስቃለች። ከዚያ ይቺ እኔ አይደለሁም ብዬ ፓስፖርቴን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። የሴትዮዋ ፈገግታ ጠፋ።

«እንግዲህ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ሐሰተኛ ናችሁ» አለች። «እሷ እዚህ ሦስት ዓመት ተምራለች፤ መምህራኑ ያውቋታል። አንቺን ማን ያውቅሻል?»

ተፈትኜ ያለፍኩት እኔ፣ በገዛ ስሜ ፊት ቆሜ ሐሰተኛ ተባልኩ። ሴትዮዋ ክፉ ሆና አይደለም፤ ያየችውን ነው የተናገረችው። እኔ ግን ጠረጴዛውን በጥፊ መታሁት። ዘበኛው ክንዴን ይዞ አወጣኝ።

በማግስቱ ጉና ወጣሁ። አባቴ አውድማ ላይ ገብስ ሲያበራዩ አገኘኋቸው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«አባባ፣ ሰርተፍኬቴን ለማን ሰጡ?»

«ለወንድሜ ልጅ ነዋ» አሉ፣ በሬዎቹን እየነዱ። «መልሳዋለች እኮ። ላስቲክ ሳይቀር አልብሳ ነው የመለሰችው፣ አላየሽም?»

«ለምን ሰጡ? አደራ አላልኩም?»

«አንቺ አገር ውስጥ የለሽ። ወረቀቱ ሳጥን ውስጥ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። የኔ በሬ ሥራ ፈቶ ሲቆም ወንድሜ ይጠምደዋል፣ የሱ ሲቆም እኔ እጠምደዋለሁ። ልጅቱ እግሬ ላይ ወድቃ ስታለቅስ ምን ልበላት? ሲጨርሱ መመለስ ነው፤ መለሰች።»

«ይሄ በሬ ነው እንዴ?»

«በሬ ቢሆን እኮ ይከሳል። ወረቀት ምን ይሆናል? እንደወሰደችው ነው የመለሰችው።»

ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ቅንጣት ሐፍረት አልነበረም። ቅንጣት! ጥሩ ነገር ሠርቶ የተወቀሰ ሰው ነው የሚመስሉት። ቆሽቴ አረረ። «ቀበሌ ሄደው ልጄ ናት ብለውስ ምለዋል?» አልኳቸው። መታወቂያ በእኔ ስም ካልወጣላት ኮሌጁ እንደማይቀበላት ገብቶኛል።

«አዎን። የወንድሜ ልጅ ልጄ አይደለችም?»

አጠገቤ የነበረውን መንሽ አንስቼ ወረወርኩት። በሬዎቹ ደንብረው ከአውድማው ወጡ። ዛሬም ድረስ አባቴን አንቱ ነው የምላቸው፤ ያን ቀንም ከአፌ አንተ አልወጣም። «አባባ፣ ገደሉኝ። በቁሜ ገደሉኝ» ብዬ ተመለስኩ። የቀረበልኝን ውኃ እንኳ አልቀመስኩም።

ከዚያ እሷ ዘንድ ሄድኩ። ከእብናት ወዲያ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው። ኮሪደሩ ላይ ካሉት ሕመምተኞች ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ከማዋለጃው ክፍል አንዲት ሴት ብቅ አለችና ስሜን ጠርታ ተጣራች።

«አቤት!» አልኩ፣ ሳላስበው።

ሁሉም ዞር ብለው አዩኝ። «አንቺን አይደለም፣ ሲስተርን ነው» አለችኝ አጠገቤ የተቀመጠች ነፍሰ ጡር። ሲስተር ከኋላዬ እየሮጠች አለፈች። ደረቷ ላይ ባጅ አለ፤ ባጁ ላይ ስሜ አለ፣ ከስሜ ቀጥሎ አባቴ አሉ። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ነፍሰ ጡሯ ስለ ሲስተር ታወራልኝ ጀመር፤ እጇ ቀላል እንደሆነ፣ በክረምት በበቅሎ ሄዳ የወለደች ሴት እንዳተረፈች። ባትረባ ኖሮ በቀለለኝ። ጎበዝ መሆኗ ነው የባሰ ያንገበገበኝ፤ ያ ሁሉ ምርቃት በስሜ ተመርቆ እኔ አልሰማሁትም።

ስትወጣ አየችኝ። ከዚያ «እታለም!» ብላ አቀፈችኝ፤ እኔ እጄን አላነሣሁም። ባዶ ክፍል አስገብታ በሩን ዘጋችው።

«የምትመለሺ አልመሰለኝም» አለች። «የሄደ ሁሉ እዚያው ይቀር የለ? ወረቀቱ እንደሆነ ተቀምጦ ነበር።»

«ብመለስስ?»

ማልቀስ ጀመረች። ሁለት ልጆች አሏት፤ የልደት ወረቀታቸው ላይ የእናት ስም ተብሎ የተጻፈው የእኔ ነው። ባሏ እንኳ በዚህ ስም ነው ያገባት። «አንቺ ነገሩን ተይውና ሌላ ስም አውጥተሽ ተማሪ፤ ካንቺ ጎን ነኝ፣ አስጠናሻለሁ» አለችኝ። ታስጠናኛለች! እኔ ያለፍኩትን ፈተና የወደቀች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ!

«የአባትሽ ስም ሲጠየቅ የማንን ነው የምትጽፊው?» አልኳት።

«የአባትሽን።»

«የገዛ አባትሽ በሕይወት ቁጭ ብለው?»

«እሳቸውም ያውቃሉ። ምን ላድርግ?»

ያን ጊዜ ነው በደንብ የገባኝ። ስሜን ብቻ አይደለም። አባቴንም፣ የሞተችውን እናቴን ሳይቀር ነው የወሰደችው። እናቴ ስትቀበር አብራኝ ቆማ ነበር፤ ስሟን ቅጽ ላይ ስትሞላ ያ ቀብር እንዴት ትዝ አላላትም? «ለመርማሪ አመለክታለሁ» ብያት ወጣሁ። እስከ በሩ ድረስ እግሬ ላይ እየወደቀች ተከተለችኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌዎች ደብረ ታቦር የተከራየሁበት ቤት መጡ። ሦስት የመንደራችን ሽማግሌዎችና የነፍስ አባታችን። እሑድ ነው፣ ከቅዳሴ መልስ። ተነሥቼ ተቀበልኳቸው፣ የሚቀመጡበት አነጠፍኩ፣ የሚጠጡትን ቀዳሁ። ሥርዓቱን አላጓደልኩም። እነሱም በእግዚአብሔር ስም ጀመሩ፤ ቤተሰብ ነው አሉ፣ ደም አልፈሰሰም አሉ፣ ልጅቱ ሥራ ይዛለች፣ ሕፃናት አሏት አሉ። እኔ ምን አለኝ? ያን የጠየቀኝ የለም። ስድስት ዓመት የሰው ጀርባ አገላብጬ፣ እጄ በበረኪና ተልጦ ነው የመጣሁት፤ እሱን የቆጠረልኝ የለም። አንተ ትብስ አንቺ ትብሺ ተባባሉና ተዪው ነው ነገሩ።

ቄሱ መጨረሻ ላይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ» አሉ፣ «የዓለም ስም ያልፋል። በእግዚአብሔር ዘንድ የምትታወቂው በክርስትና ስምሽ ነው። እሱን ማንም አልነካብሽም። ለዚህ ለምድሩ ሌላ ስም ብታወጪ ምን ይጎድልሻል?»

የነፍስ አባቴ ናቸው፣ አከብራቸዋለሁ። ግን አልቻልኩም። «አባ፣ እግዚአብሔር ሬጅስትራር አይደለም!» አልኩ። «ኮሌጁ በር ላይ በክርስትና ስሜ ማን ያስገባኛል? ለምን የእኔ ይለወጣል? እሷ የራሷ ስም የላትም? የተጠመቀችበት፣ አጎቴ ያወጡላት ስም የላትም?» አንደኛው ሽማግሌ ተነሥቶ መስቀያው ላይ ያለውን ጋቢውን ወሰደ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለና ተናገረ።

«የማለው አባትሽ ነው። እሷን ስታሳስሪ አባትሽን ነው የምታሳስሪው። አስቢበት።»

አሰብኩበት። አላሰበችም እንዳትሉኝ። ሦስት ቀን እህል ሳልቀምስ አሰብኩበት። ብተወው ዕድሜዬን ሙሉ ሰርተፍኬት የሌለኝ፣ ፈተና ያልተፈተንኩ፣ ስድስት ዓመት የሰው ቤት የጠረግኩ ሴት ነኝ። ካልተውኩት የሰባ ዓመት ሰው፣ እኔን ብቻውን ያሳደገ ሰው፣ በውሸት መሐላ ፍርድ ቤት ይቆማል። የሚያናድደኝ ይኼ ነው፤ በዳዩ ሌላ ሰው ሆኖ ሳለ ማን ይጎዳ የሚለውን መምረጥ በእኔ ላይ ወደቀ። በአራተኛው ቀን ማመልከቻዬን ጻፍኩ።

መጨረሻው ምን ሆነ ለሚል አስቀድሜ ልናገር። የዚያ ዓመት ምዝገባ አመለጠኝ። በሚቀጥለው ዓመት በገዛ ስሜ ተመዘገብኩ፣ ዛሬ ነርስ ነኝ። የአጎቴ ልጅ ከሥራ ተባረረች፣ ተፈረደባትም። አባቴ ለዕድሜያቸው ተብሎ በገደብ ተለቀቁ። አጎቴ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ፊታቸውን ወደ አጥር ያዞራሉ። አንዳንድ ሰው እንኳን ስሜ ተመለሰልኝ ብዬ የምፈነጥዝ ይመስለዋል፤ ምን ያፈነጥዘኛል! እንዲህ ተደርጎ የተመለሰ ነገር አያስፈነጥዝም። ከዚህ ሁሉ የማይወጣልኝ ግን አንድ ቀን ነው፤ አባቴ መርማሪው ፊት የቀረቡበት።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ መክሯቸው እንደነበረ ሰምቻለሁ። «አላስታውስም በሉ፤ በእርጅናዎ ማን ያስገድድዎታል?» ብሏቸዋል። አላስታውስም ካሉ ነገሩ ይድበሰበሳል፤ እኔም ማን መሆኔን የሚያስረዳልኝ የለኝም። መርማሪው ቢሮ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ንጹሕ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው ገቡ። ወደ እኔ አላዩም። እኔም ወደ እሳቸው አላየሁም፤ ንዴቴ ገና አልበረደም።

«ይቺን ያውቋታል?» አለ መርማሪው።

«ልጄ ናት» አሉ። ስሜን ጠሩት። ከዚያ የራሳቸውን፣ ከዚያ የአባታቸውን።

«ቀበሌ ቀርበው በዚህ ስም ሌላ ሰው ልጄ ናት ብለዋል?»

አባቴ ዱላቸውን ከግድግዳው አስደገፉ።

«ብያለሁ። ውሸት ነው። የወንድሜ ልጅ ነበረች። ማንም አላስገደደኝም።»

መርማሪው ብዕሩን አስቀመጠ። ወጣት ነው፣ ጭንቅ ብሎታል። «አባት፣ ይህን ከጻፍኩት እርስዎም ተጠርጣሪ ነዎት። ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል። ጻፈው።»

ጻፈው። አነበበላቸው። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክሮ አስፈረማቸው። ቀጥሎ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው፤ የግል ተበዳይ ከታች ሙሉ ስሟን ጽፋ ትፈርማለች አለ። ጻፍኩ። አንቺ ማን ነሽ የተባልኩበትን ስም አንድ በአንድ ፊደል ጻፍኩት። ወረቀቱን ልመልስ ስል አባቴ አጠገቤ መጥተው ጎንበስ አሉ።

«እኔ የቱ ጋ ነኝ?» አሉኝ።

«እዚህ» አልኩ፣ ከላይ ተጠርጣሪ የሚለውን በጣቴ እያሳየሁ። ድምፄ ቆጣ እንዳለ ነበር። ከዚያ ጣቴ ወደ ታች ወረደ። «እና እዚህ።»

«ሁለት ቦታ?»

«ሁለት ቦታ። ይሄኛው የእኔ ስም ነው፤ ከስሜ ቀጥሎ ያሉት አንቱ ነዎት።»

ቀለም ያልነካውን ጣታቸውን መርጠው፣ ከታች ያለውን፣ ከስሜ አጠገብ ያለውን ነካ አደረጉት።

«እንግዲያ ይቺኛዋን አታሰርዣት» አሉኝ።